የናሳይን ጀልባ የጋራችን ላደረጉት ለመምህርት ሎርና ቴነንት የወጣ የሐዘን መግለጫ

ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለናሳይ መንደር ነዋሪዎች

የመኮንግ ዳርቻ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤትን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በሒሳብ መምህርነት ያገለገሉት መምህርት ሎርና ቴነንት ባደረባቸው የልብ ሕመም ከመካከላችን ተለይተዋል። መላው የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ በእጅጉ አዝኗል። ይህ መግለጫ የዘገየው በመካከሉ የጀልባው ውድድር ስለነበረ ነው፤ ስለ ውድድሩ ሳይነገር ስለ እርሳቸው የሚነገረው ሁሉ ጎደሎ ይሆናል።

መምህርት ሎርና በታዝማኒያ ደሴት ተወልደው በሆባርት ከተማ ካስተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 በሁለት ዓመት ውል ወደ ቪየንቲያን መጡ። እንደ እኛ ባለ ትምህርት ቤት መምህሩ ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ አገር ያቀናል፤ ተማሪውም ወላጆቹ ሥራ ሲቀይሩ ይከተላል። እርሳቸው ግን ቀሩ። አዲስ ለሚመጡ መምህራንም፣ "ሻንጣችሁን አልጋ ሥር አታስቀምጡት፣ ለሰው ስጡት። ያኔ መኖር ትጀምራላችሁ" ይሉ ነበር።

በ2007 የዝናቡ ወቅት አብቅቶ የጀልባ ውድድሩ በዓል ሲደርስ፣ መምህራን እንደ ልማዳቸው ወደ ታይላንድ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ፣ መምህርት ሎርና ወደ ጎረቤታችን ናሳይ መንደር ተሻግረው የጀልባውን አለቃ አቶ ካምፉይን ለትምህርት ቤታችን ሰዎች ቦታ እንዲሰጡ ጠየቁ።

"እህት ዓለም፣ ያንቺ ሰዎች እኮ ዋና እንኳ አይችሉም" አሏቸው አቶ ካምፉይ።

"አስተምራቸዋለሁ።"

"ደግሞ ከባድ ሰው አንጭንም።"

"እሱን እንኳ ቃል አልገባም። ምግባችሁ ይጣፍጣል።"

በዚሁ ተስማሙ።

በ2008 ዋና የተማሩ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ጥበቃዎችና የወጥ ቤት ሠራተኞች ከናሳይ ቀዛፊዎች ጋር ተቀላቅለው የመጨረሻ ወጡ። የድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰው፣ "ናሳይ ለዘንድሮ ዘገየ እንጂ ለከርሞ አንደኛ ነው" ብሎ የወንዙን ዳር ሕዝብ በሙሉ አሳቀ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት መምህርት ሎርና ነበሩ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ቀዘፍን፤ ማጣሪያውን ግን አንድም ጊዜ አላለፍንም።

በ2012 ቅዳሜ ቅዳሜ የመዋኛ ገንዳችን ለመንደሩ ልጆች እንዲከፈት አስወሰኑ። በምላሹ የናሳይ እናቶች መምህራኖቻችንን የላኦ ቋንቋ አስተማሩ፤ አንዳንዶቹ መምህራን እስከ ዛሬ የሚናገሩት የገበያ ክርክር ብቻ መሆኑ የዚህ ውጤት ነው።

በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሮች ሲዘጉ ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው የአውሮፕላን መቀመጫ ተገኝቶላቸው ነበር። "ልጆቹ ፈተና ሳይወስዱ የት እሄዳለሁ?" ብለው ቀሩ።

ዕረፍታቸው የውድድሩ ሳምንት ላይ ዋለ። አስከሬናቸው በፈቃዳቸው መሠረት እንደ አገሩ ልማድ በናሳይ ቤተ መቅደስ ተቃጠለ። እህታቸው ወይዘሮ ኢዲት አመዱን ወደ ሆባርት ለመውሰድ መጡ። የትምህርት ቤቱ አስተዳደርም ለሐዘኑ ክብር ሲል ቀዛፊዎቻችን ከውድድሩ እንዲወጡ ወሰነ። በማግስቱ አቶ ካምፉይ ቀዛፊዎቻቸውን አስከትለው ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ዶክተር ናምቢያር ቢሮ ገቡ።

"ዶክተር፣ ሐዘኑ እኛም ቤት አለ። ጀልባዋ ግን ግማሽ ሰው ይዛ አትወጣም።"

"ሐዘናችንን ማክበር ይገባናል ብለን ነው" አሉ ዶክተር ናምቢያር።

"እሷ ይህን ብትሰማ ምን የምትልህ ይመስልሃል?"

ዶክተሩም፣ "ትሰድበኛለች" አሉ። ውሳኔው እዚያው ተሻረ። አንድ ሰው ጎድሎ ስለነበር ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ጀልባው ላይ ወጡ። መቅዘፍ ስለማይችሉ ወደ ጀልባው የሚገባውን ውሃ የመጭለፍ ሥራ ተሰጣቸው፤ ይህንንም በትጋት መወጣታቸውን ትምህርት ቤቱ ያረጋግጣል።

ተጋጣሚያችን ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነበር። ከጎናችን ሲሰለፉ አንዱ ቀዛፊያቸው፣ "ለለቅሶ ነው ለውድድር የመጣችሁት?" አለ። አቶ ካምፉይም "ለሁለቱም" ብለው መለሱለት። ከበሮው ተመታ። እስከ ግማሽ መንገድ ግማሽ ጀልባ ያህል ቀድመውን ነበር። ከዚያ መቅዘፊያዎቻችን ሁሉ እንደ አንድ እጅ ውሃውን መምታት ጀመሩ፤ ጀልባዋ ከውሃው ብድግ ያለች መሰለች፤ የተጋጣሚው መሪ ዞር ብሎ አየን። ወንዙ ዳር በናሳይ ሴቶች መካከል የቆሙት ወይዘሮ ኢዲት ቋንቋውን ሳያውቁት እንደ ሴቶቹ ይጮኹ ነበር፤ ጭቃው አንድ ጫማቸውን አስቀረው፣ አላስተዋሉም። የጀልባችን አፍንጫ ቀድሞ አለፈ። ማጣሪያውን ስናልፍ ይህ የመጀመሪያችን ነው። በቀጣዩ ዙር ተሸንፈናል፤ ያዘነ ሰው ግን አላየንም።

በመንደሩ ማዕድ ላይ ሴቶቹ እንደ አገሩ ልማድ ለበረከት በወይዘሮ ኢዲት እጅ ላይ ነጭ ክር ሲያስሩላቸው፣ "ወደ ቤቷ ልወስዳት ነበር የመጣሁት" አሉ። "ለካ እዚሁ ቤቷ ናት።" አመዱ በእህታቸው ጥያቄ በናሳይ ቤተ መቅደስ አጥር ሥር ዐርፏል።

ትምህርት ቤታችን ለወይዘሮ ኢዲት፣ ለመምህርት ሎርና የሥራ ባልደረቦችና በየአገሩ ለተበተኑት ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። የናሳይ መንደርን በተመለከተ ግን፣ ማን ማንን ማጽናናት እንዳለበት ስላልለየን፣ አብረን ተቀምጠናል።

የመኮንግ ዳርቻ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት
ቪየንቲያን