አማርኛ የማትሰማው እናቴ ገዳዩን ለየችው

ሶዶ፣ ሰኞ ሰኔ 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ከእናቴ ጋር በቴሌቪዥን የምናየው ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ትናንት ባለሀብቱን ማን እንደገደለው ሳይነግረን አለቀ። ዛሬ ስታፍ ሩም ውስጥ መምህራኑ ሁሉ «ሾፌሩ ነው» ሲሉ ዋሉ። እኔ ግን «የሟቹ ወንድም ነው» አልኳቸው። «መርዶ ሳይነገረው፣ ያን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ ጥቁር ለብሶ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ማን ነገረው?»

የፊዚክስ መምህሩ፣ «ይሄን አንተ ነህ ያስተዋልከው?» አለኝ።

«እናቴ ናት» አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

አማርኛ ስለማትሰማ እያንዳንዱን ንግግር በወላይትኛ የምነግራት እኔ ነኝ። ትናንት ወንድምየው ሲገባ የሚለውን ልነግራት ስል፣ «ቆይ፣ ልብሱን እያየሁ ነው» አለችኝ።

ምናልባት ተሳስታ ይሆናል። ግን ለካ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ድራማውን ስሰማ እንጂ ሳይ አልነበረም።