ሸሚዝ የለበሰው አገዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 7፡00

ሠላሳ ስምንት ልጅ፣ አንድ መቀስ። ኮላው በሙቀቱ ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ጎንደር ላይ ሦስት ቀን ያሠለጠነን ሰውዬ አሻንጉሊቱን "በየቤቱ ከሚገኝ ነገር" ሥሩ ሲል የማን ቤት እንደሆነ አልነገረንም። ካልሲ አምጡ ብላቸው ሳቁብኝ። ልክ ናቸው። ኮኪት ውስጥ በዚህ ሐሩር ካልሲ ያደረገ ሰው ወይ ፖሊስ ነው ወይ ወባ ይዞታል።

ካልሲው ቀረ። በምትኩ ሁለት የማሽላ አገዳ፣ መስቀለኛ ታስሮ። ጭንቅላቱ የጆንያ ቁራጭ፣ ሆዱ ጭድ። ዓይኑ ቆርኪ። ለልብሱ አሮጌ ጨርቅ ከየቤታችሁ አምጡ ብያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ለወላጆች ቀን ልጆቹ በአሻንጉሊት ተረት ያሳዩልኝ ብሏል፤ የወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። ለእሱ ይጨበጨብለታል፣ እኔ ኮላ እለቀልቃለሁ። ግን የዝውውር ፎርሜ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። አንተ ደብተር ታውቃለህ፤ ይህን አገር አልወደድኩትም፣ እሱም አልወደደኝም። ስለዚህ እለቀልቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጨርቅ መጣ። አንዷ የእናቷን አዲስ ቶብ፣ የሱዳን መጎናጸፊያ፣ ይዛ መጣች፤ እናትየዋ በባዶ ራሷ እየሮጠች ደርሳ ነጠቀቻት። እኔንም በዓይኗ ገረፈችኝ። እኔ ነኝ የሰረቅሁት?

ማስተዋል አንድ ሙሉ የወንድ ሸሚዝ አመጣች። ማስተዋል ማለት መኪና ማቆሚያው ዘንድ ፉልና ሻይ የምትሸጠው የአትጠገብ ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ከአፏ ቃል የማይወጣ። ሸሚዙ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ኮሌታው በወዝ የጠቆረ። ላብና የትራክተር ዘይት ይሸታል፣ ክፍሉን ሞላው። የማን ነው አልኳት። የአባየ አለች። አባትሽስ? ሱዳን። ሌሎቹ ቀሚሴን እየጎተቱ ነበር፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

በእረፍት ሰዓት በባልዲ አጠብኩት። ሁለት ጊዜ፣ በዱቄት ሳሙና። አጥሩ ላይ ሰጣሁት፤ የኮኪት ፀሐይ ቢያንስ ለዚህ ትረባለች። ደውሉ ሳይደወል ደረቀ። ከዚያ ቆረጥኩት። ልጅቷ ጫፉን ወጥራ ያዘችልኝ። 

ዓርብ፣ ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 4፡00

አለቁ። አብዛኞቹ አስቀያሚ ናቸው፤ እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው። አንዱ ር/መን ይመስላል፣ አንገት የለውም።

የማስተዋል ግን ያምራል። ኮሌታውን እንዳለ አስቀርተን እጅጌውን አሳጥረን ሰፋነው። አገዳውን ከፍ አድርጋ ይዛ በየወንበሩ እየዞረች ለእያንዳንዱ ልጅ "በልታችኋል?" ትላለች፣ በወፍራም ድምፅ። ሌላ ቃል የላትም። ልጆቹ ደግሞ እውነት መስሏቸው በልተናል፣ አልበላንም እያሉ ይመልሳሉ። ሳቅሁ። በዚህ ወር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ኮላው እንዲደርቅ ሁሉንም በረንዳው ላይ በሲባጎ ሰቀልኳቸው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 9፡00

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

አትጠገብ ዛሬ ራሷ ልጇን ልትወስድ መጣች። እግሯ ከግቢው በር ሳያልፍ ቆመች። በረንዳውን ታያለች። እባብ ያየች መሰለኝና ወደ ጣሪያው አንጋጠጥኩ። የያዘችው ጆግ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቷን መታች። ዓለምነህ፣ ዓለምነህ። የባሏ ስም ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሴቶች ሰምተው መጡ። ሾፌሮች፣ ከወፍጮ ቤት ሰዎች፣ ሰሊጥ አጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎች፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ። ማንም ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም፤ አገዳውንና ሸሚዙን አዩ፣ በቃ። አንዷ ሙሾ አወጣች። አንዱ ሲባጎውን ፈትቶ አሻንጉሊቱን ከፍ አድርጎ ያዘው፣ ዙሪያውን እያለቀሱ ዞሩት። ልጆቼ ክፍል ውስጥ ሆነው በመስኮት ያያሉ።

ጥበቃው አያ ደሴ ናቸው በጆሮዬ የነገሩኝ። በእነ አትጠገብ አገር፣ በጎጃም፣ ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱ እንጨት ላይ ይለብስና በእሱ ይለቀሳል። ዓለምነህ ገዳሪፍ ለሥራ ከተሻገረ ሁለት ዓመቱ፣ እዚያ ጦርነቱ ከበረታ ወዲህ ድምፁ የለም። ሴትዮዋ መርዶው መጥቶ ጎረቤት በት/ቤቱ በኩል ሊያረዳት የተማከረ መሰላት።

እኔም አውቀው ነበር እኮ። የአባቴ አገር ሰዎች ሲያደርጉት ሰምቻለሁ። መስቀለኛ አገዳ ላይ የሰው ሸሚዝ እየሰፋሁ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

መጫወቻ ነው፣ የልጆች መጫወቻ ነው እያልኩ ጮህኩ። ማን ይሰማል። ነጥቄ ሮጥኩ፣ ክፍል ገብቼ ቆለፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

እውነቱ ታወቀ፣ መርዶ የለም፣ የሞተ የለም። ሰው የሚያርፍ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት አትጠገብ ልጆቹ ፊት መጣች። እስከ ትናንት እርስዎ ነበርኩ፣ ዛሬ አንች ሆንኩ።

"በልጄ እጅ ባሌን አስገነዝሽኝ" አለችኝ። ጮክ ብላ አይደለም።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? ልጅሽ ናት ያመጣችው፣ ዕቃሽን ጠብቂ። ብያታለሁ። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። አሻንጉሊቱን ስሰጣት አልነካውም ብላ ልጇን እየጎተተች ወጣች። ማስተዋል ደብተሯን ረስታ ሄደች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 10፡30

ሃያ ሁለት ልጅ። የቀሩት "አስለቃሿ ቲቸር" ጋ አንልክም ተብለዋል። ሱቅ ስገባ ወሬው ይቆማል። ር/መ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቂ ይላል፤ አሻንጉሊት ሥሪ ያለኝ እሱ፣ በጽሑፍ። አልጽፍም አልኩት። ለዝውውሬ እንዳስብ መከረኝ። አስቤያለሁ አልኩት።

ከዚያ የአያ ደሴ ሚስት ውኃ ልትቀዳ መጥታ ነገረችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ እንዲያው ወሬ ብላ። አትጠገብ ያን ሸሚዝ ሁለት ዓመት ሙሉ አላጠበችውም። በፌስታል ቋጥራ ከትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች። አንዳንዴ ትፈታውና ታሸተዋለች፣ መልሳ ትቋጥረዋለች። ዓለምነህ ሌላ ምንም አልተወም። ፎቶውም ይዞት በሄደው ስልክ ውስጥ ነው ያለው።

ሁለት ጊዜ፣ በዱቄት ሳሙና።

መታጠቡን የሚያውቅ ሰው የለም፣ ከእኔና ከልጅቷ በቀር። መጀመሪያ በአትጠገብ ተናደድኩ፤ እንዲህ የሚወደድ ነገር ልጅ የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል? ንዴቱ ብዙ አልቆየም። አፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ያስተማርኩትን አላስታውሰውም።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ቤቴን ዘግቼ ስፌቱን ፈታሁ። ጭዱን አራገፍኩ፣ የተቆረጠውን እጅጌ ቀጠልኩ፣ ጀርባውን ገጠምኩ። ሸሚዝ ሆነ፤ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ ሸሚዝ። አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። ሳሙና፣ ሳሙና ብቻ።

የለቅሶው ወሬ በስልክ ጎጃም ደርሶ የዓለምነህ ወንድም መጥቷል። ሞላ ይባላል። ባለጌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ትሑት ነው፣ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። ከእድሩ ሽማግሌዎች ሁለቱን ይዞ ቤቴ መጣና ጉዳዩን አስረዳኝ። ለቅሶ አንዴ ከተነሣ አይታጠፍም፣ ክፉ ነው። እናቱ ደግሞ ልጃቸው በሕይወት ይኑር ይሙት ሳያውቁ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የላቸውም፤ አልቅሰው ይውጣላቸው። ቅዳሜ በወጉ ይለቀሳል፣ እናቱ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ወንድሙ ከአገር የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ እዚያ አንድ ጨርቅ የለውም። ያለችው ይህች ሸሚዝ ናት። ያለ ልብስ ደግሞ እናቱ አያደርጉትም፤ ባዶ እንጨት አላቅፍም ብለዋል።

አትጠገብስ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁ። አልሞተም ትላለች አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚሰማት የለም። የገዛ ለቅሶዋን እየጠቀሱ አፏን ያስይዟታል፤ ማን ጀመረው፣ አንች አይደለሽም?

ሸሚዙ ትራሴ ሥር ሆኖ፣ ፈልጌ አገኝ እንደሆነ አያለሁ አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19፣ ከቀኑ 10፡00

መጣች። አትጠገብ፣ ቤቴ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ተቀመጭ ብላት አልተቀመጠችም። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ ከመኪና ማቆሚያው ድረስ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ነው የመጣችው።

ሸሚዙን አውጥቼ ሰጠኋት። በዚያ ቀን አልነካውም ያለችው ሴት በሁለት እጇ ተቀበለችው። ስፌቱን አላየችም። አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፣ ቆየች። ብብቱን ፈልጋ እንደገና። ኮሌታውን እንደገና።

"አጠብሽው።"

አዎ አልኳት። አላውቅም ነበር አልኳት።

"ማወቅ አልነበረብሽም" አለች፤ "መጠየቅ ነበረብሽ።"

 ልጅቷ አልነገረቻትም ማለት ነው። ስድስት ዓመቷ፣ ወደ ሁለት ሳምንት ይህን በሆዷ ይዛ። እኔ ደግሞ ዝም ማለቷን የጎጃም ሰዎች አመል ነው ብዬ ነበር።

ደረቷ ላይ አጣጥፋ ይዛው ቆየች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለቀሰችም። ሳሉግ በመጣ ቁጥር ከየት ነው የመጣችሁ፣ ከማዶ የተሻገረ አለ ወይ እያለች ስትጠይቅ ሰዎች ሲሳሳቁባት አይቻለሁ። እኔም አንድ ቀን ሻይ ስጠጣ ሳቄን ደብቄያለሁ። አሁን ፊቷ ያው ያን ጊዜ ስትጠይቅ የነበረው ፊት ነው።

"ተቃጥሏል በያቸው" አለች።

ራስሽ ለምን አትደብቂውም አልኳት። እኔ ጠፋ ያልኩ እንደሆነ ቤቴን ይፈትሹታል፣ ካላገኙ እብድ ነች ይሉኛል አለች። "አንች ብትይ ያምኑሻል። ከዚህ በላይ ምን ይጠሉሽ።"

እውነቷን ነው። ሴትዮዋ ከር/መ ይልቅ ታውቀኛለች።

አማቷን አነሣሁባት፤ እኒያ አሮጊት አልቅሰው ቢወጣላቸውስ? ሞቶስ ቢሆን? እሷ ለራሷ ልጅ ታልቅስ፣ እኔ ገና አልጨረስኩም አለች። ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ፣ ወዲያው አስተካከለችው። ሸሚዙን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ በሩ ዞረች።

ይቅር አልኩሽ ማለት አይደለም አለችኝ። አልጠየቅሁሽም አልኳት። ተፋጠጥን።

"ማስተዋል ሰኞ ትመጣለች። ጨርቅ አምጭ እንዳትያት።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ላይ ገባ። የዓለምነህን እናት አየኋቸው። ትንሽ ሴት፣ የሞላን ክንድ ይዘው፣ ሙቀቱን ያልለመዱ። ከአውቶቡሱ እንደወረዱ የጠየቁት ልብሱ የት ነው ብለው ነው። ሰው ነገረኝ። ምሳዬን አልበላሁም።

ር/መ ሰምቷል፣ ሸሚዙ እኔ ዘንድ እንዳለ። ነገ ጠዋት በክብር አስረክቢና ነገሩ ይለቅ፣ ፎርምሽን ሰኞ እፈርማለሁ አለኝ። ባላስረክብስ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። እንግዲያ እዚሁ ታረጃለሽ አለ።

ዓለምነህ በሕይወት ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም። ማንም አያውቅም። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ የማላውቀውን ሰው በሕይወት ለማቆየት የማላውቃቸውን አሮጊት ልዋሽ ነው። አትጠገብን አልወዳትም። አሁንም አልወዳትም፣ ጻፍ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23፣ ከጠዋቱ 1፡30

የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ከመስኮቴ ይታያል። እንጨቱን አቁመውታል፣ ገና ራቁቱን ነው።

ሞላና እናቱ ወደዚህ እየመጡ ነው። ሽማግሌዎቹ ከኋላ። አሮጊቷ ራሳቸው ሊቀበሉ ነው የሚመጡት፣ እጃቸውን ከአሁኑ ዘርግተዋል።

ጠፋ ብል ይፈልጉታል። ለአትጠገብ ሰጠሁ ብል ይከተሏታል። ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፤ እናቴ፣ ሸሚዙን እኔ አቃጠልኩት። ለምን ካሉኝ፣ ይሸት ነበር እላለሁ።