ሳምታማቲ በደጃችን ስትቆም

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ በዚህ ዝናብ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። በጥድፊያ ስለምጽፍ ፊደሌን አትታዘብብኝ።

መጥታለች! ልጃችን ሩቺ መጥታለች! የሃይማኖታችን መነኮሳይያት ዘንድሮ አራቱን የክረምት ወራት የሚቀመጡት በእኛ መንደር ነው። ሰባት ሆነው በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ሲገቡ መንደሩ በከበሮ ቀለጠ። ሦስተኛዋ እርሷ ነበረች። ከመነነች ወዲህ ስሟ ሳምታማቲ ነው። ከስታለች፤ አረማመዷ ግን ያው ያንተው ነው።

የልቧን ምልክት ግን ማንም ሊያገኘው አልቻለም። ጠዋት ለምግብ ስትወጣ በልቧ የያዘችውን ምልክት ያላየችበት ደጅ አትገባ፣ ምን እንዳሰበች ለማንም አትናገር፤ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትመለሳለች። ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሰው ሁሉ አብዷል። ጎረቤታችን ጉላብባይ ትናንት ምልክቱ ይሆናል ብላ ኮኮናት ይዛ ደጇ ላይ ቆመች፤ ዛሬ ደግሞ ባሏን የሙዝ ዘለላ አሸክማ ከጎኗ ገተረችው። «ቁሙልን እናታችን! ምግባችንም ውሃችንም ንጹህ ነው!» ስትል እስከ ገበያው ይሰማል። ሳምታማቲ አልፋት ሄደች። «እንግዲህ ነገ የምናልባትን ጎሻችንን ነው የማቆመው፤ ምናልባት ያሰበችው ቀንድ ይሆናል» አለችኝ። በሳቅ ሞትኩ።

የእኛን ደጅ ልንገርህ። ትናንት ፊቴ ስትደርስ «ቁሙልን» ማለት ሲገባኝ «ሩቺዬ!» ብዬ ጮህኩ። ምን ላድርግ፣ አፌ ቀደመኝ። ቆም ብላ አየችኝና ሄደች። ጉላብባይማ ወረደችብኝ፤ «አንቺ ሴት፣ እሷ እኮ አሁን እናት የላትም! በቤት ስሟ ጠርተሽ አስራብሻት!» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ።

ዛሬ ምላሴን ነክሼ እንደ ሥርዓቱ «ቁሙልን» አልኳት። እንደገና ቆመች። ከሌላው ደጅ ሁሉ ይበልጥ እኛ ጋ ቆየች። የምታየው ግን እኔን አልነበረም። ከቀኜ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር፤ ድሮ መነኮሳት ሲመጡ አንተ የምትቆምበትን። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰችና ሄደች።

ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ መጠየቅም ነውር ነው። ጸጉሯን በእጇ ነጭታ የመነነች ዕለት «ልጅ የለኝም» ብለህ ወደ ሳጋር ከተማ መውጣትህን አልረሳሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀይሜሃለሁ፤ ዛሬ ግን ደስታው ቅያሜዬን የት እንዳደረሰው እንጃ። ይህን ወረቀት የአውቶቡሱ ሹፌር ቲካራም በእጅህ ይሰጥሃል። ነገ ማለዳ ወደዚህ ሲመለስ ወንበር ይይዝልሃል። እርሷ የምትወጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። ነጩን ልብስህን አጥቤ ሰቅያለሁ። ምንም ይዘህ አትምጣ፤ ባዶ እጅህን ናና ከቀኜ ቁም።

ጃይ ጂኔንድራ፤ ለድል አድራጊው ክብር ይሁን። መንገዱን ያቅናልህ፤ ወንዙ ድልድዩን ሳይሞላው ያሻግርህ።

በደጅህ ብቻዋን የቆመችው ባለቤትህ