ኢንተርቫል ያልሽኝ ነገር

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ሰሚራ፤ አላህ እግርሽን ያጽናልኝ፣ በሰው አገር የሚያዝንልሽ አያሳጣሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽን የንፋስ መውጫ ብርድ ጉልበቱን ቢይዘውም ሱቁን አልዘጋም።

እግርሽ ድኖ ኢንተርቫል ጀመርኩ ካልሽኝ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ፈጥኖ ሮጦ፣ ዝግ ብሎ፣ እንደገና መፍጠን ለምን ያስፈልጋል? ትናንት በማለዳ ሯጮቹ ወደሚለማመዱበት ሜዳ ወረድኩ። መቅደስ የምትባል፣ ወልዳ ገና ወደ ልምምድ የተመለሰች ልጅ ከሁሉም ኋላ ትሮጣለች። ጓደኞቿ ጥለዋት ሲሄዱ አላሳደደቻቸውም።

«አያናድድሽም?» አልኳት።

«ያናድዳል እንጂ፣ እማማ። ግን እነሱን ልከተል ብዬ ዝግ የምልባትን ጊዜ ከዘለልኩ ነገ ተጎድቼ እቤት ነኝ» አለችኝ።

አንቺን አሰብኩ። ያኔ እግርሽ እስኪጎዳ ድረስ ሕመምሽን ደብቀሽ የሮጥሽው እንዳትቀደሚ ብለሽ ነበር። አሁንስ ሲያልፉሽ ምን ይሰማሻል? ትችዪዋለሽ?

ስትፈጥኚ የተቀረጽሽውን ቪዲዮ ሰፈሩ ሁሉ ያሳየኛል። እኔ ግን ዝግ ስትዪ ማየት እፈልጋለሁና እሱን ላኪልኝ፤ ትንፋሽሽ ሲመለስ ልየው። አላህ በጤና ያገናኘን።

እናትሽ ሰፊያ