ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለ ወደቀው ማሽን፣ ለጓድ ኃላፊያችን

ለተከበሩ ጓድ ገብረወልድ ተሰማ
የፋብሪካችን የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ
ድሬ ዳዋ

መስከረም 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ፣

የዘንድሮው የድሬ ሙቀት ሰውነትዎን እንዳይጎዳው፣ የማሽኑ ክፍል ቅዝቃዜ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ በላብ አደሮች ቀን የተሸለሙት ሜዳሊያም ደረትዎን እንዳይከብደው በመመኘት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የቤተሰብዎንም ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ የሺአረግ ቀድሞ እሑድ እሑድ ቤቴ ስትመጣ የማውቃት ደግ ሴት ናትና።

ይህን የሚጽፍልዎ ሽማግሌ አቤቱታ ልማዱ እንዳልሆነ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር የለም። በልጅነቴ ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል በዘለልኩ ቁጥር የኔታ በአለንጋ ሲያርሙኝ ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ቦታዬ ተመልሻለሁ። በባቡሩ የሒሳብ ክፍል ካርድ በሚበሳ ማሽን ፊት ጉልምስናዬን ስጨርስ፣ ፈረንሳዊው አለቃዬ ስሜን አንድ ቀን እንኳ አቃንቶ ሳይጠራ ወደ አገሩ ገባ፤ እኔ ግን የእርሱን ስም እስከ ዛሬ አላጣመምኩም። በስድሳ ዘጠኝ ነሐሴ በከተማችን ላይ መድፍ ሲያገሣ የፋብሪካውን ቴፖች በጋቢ ጠቅልዬ ምድር ቤት ተቀምጬባቸዋለሁ። ውጭው እሳት፣ ውስጡ ውርጭ የሆነው የማሽን ክፍል ጉልበቴን ሲበላው ሁለት ጋቢ ደርቤ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በኮንትራት ተመለስ ስባል እሺ ብዬ ተመልሻለሁ። በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ የሚካሄደውንም የውይይት ክበብ ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ አዳምጫለሁ፤ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ቢሆንም እርሱንም በትዕግሥት ተወጥቼዋለሁ።

ደብዳቤዬን በመዝገብ ቤት በኩል በመላክ ፈንታ በግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ አይደለም፤ ታዝዤ ነው። ሰሌዳው ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነበሩ፤ ሂስ የሚፈራ ኃላፊ የሠራተኛው ኃላፊ ሊባል እንደማይገባውም በዚያው አፍዎ አስተምረውናል። መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤ ነበር። የዛሬውን የጭብጨባዬ ተከታይ አድርገው ይቀበሉልኝ።

ይህን ሰሌዳ የሚያነብቡ የማምረቻ ክፍል ጓዶች ኮምፒዩተሩን በመስኮት ብቻ ስለሚያዩት ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በማሽኑ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ይሠራሉ፤ ሁሉንም የሚገዛው ግን አንድ የውስጥ ፕሮግራም ነው፤ እኛ እምብርት እንለዋለን። ከፕሮግራሞቹ አንዱ ሲሳሳት ዲበገር የተባለ መርማሪ ፕሮግራም ያስቆመውና የት እንደ ደረሰ፣ በእጁ ምን እንደ ያዘ ይጠይቀዋል። እምብርቱ ራሱ ሲወድቅ ግን መርማሪውም አብሮ ይወድቃል፤ ዳኛው ከነችሎቱ ጣሪያ ተደረመሰበት እንደ ማለት ነው። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ደግሞ የነበረው ትውስታ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ሥርዓታችን ይህ ነበር፦ ማሽኑ ሲሞት እናስነሣዋለን፣ ከላይ የመጣ ነው እንላለን፣ ሻያችንን እንጠጣለን።

እኔ በሁለት ክረምት ሥራ የጨመርኩት ነገር ቢኖር፣ እምብርቱ በወደቀ ጊዜ፣ ማሽኑ ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ በትውስታው ውስጥ የነበረው ሁሉ እንዳለ ወደ ቴፕ እንዲገለበጥ ማድረግ ነው። ግልባጩ በሙያው ቋንቋ ዳምፕ ይባላል። ዲበገሩም ያን ቴፕ ከፍቶ ሟቹን እንደ ሕያው እንዲጠይቀው አስተማርኩት። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ማሽን ሲሞት ቀብሩ ከምርመራው በኋላ ሆነ።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ይህ ሥራ ባለቀ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ የፈጠራ ውጤት ነው ተብሎ በሕዝብ ፊት ሲነገርልዎና ሜዳሊያው ሲሰካልዎ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጬ አይቻለሁ። አልተቆጣሁም። ልጅ የአባቱን ካፖርት ሲለብስ እጅጌው ቢረዝምበትም አባት ደስ ይለዋል፤ እኔም በዚያ ዓይን አየሁዎት። ስለ ካፖርቱ ዛሬም አልከስስዎትም። የምከስስዎት ስለሚቀጥለው ነው።

2ኛ/ ባለፈው ጳጉሜ ስድስት ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ተረኛዋ ወይዘሪት መድና አብዲቃድር ማሽኑን እንደ ወትሮዋ ስታስነሣው እምብርቱ ወደቀ። ለአብዮት በዓል ወደ አዲስ አበባ መላክ የነበረበት የዓመቱ የምርት ሪፖርት በውስጡ ነበረ። መድና ያደረገችው እኔ ያስተማርኳትን ነው፤ ማሽኑን ለማስነሣት ሳትጣደፍ በመጀመሪያ ትውስታውን ወደ ቴፕ ገለበጠች። ከዚያ አስነሣችው፤ ወደቀ። እርስዎም መጥተው አስነሡት፤ ለእርስዎም ወደቀ። ከሰዓት በኋላ መድና ከሥራ ታገደች። በዓሉ አልፎ በመስከረም ሥራ ስንጀምር ማሽኑ ያለ አንዳች እክል ተነሣ።

ከዚህ ላይ የደረሱበት ድምዳሜ በሳይንሳዊ አስተሳሰብ ላይ ያለዎትን እምነት ያሳየናል፦ ልጅቱ ወጣች፣ ማሽኑ ዳነ፤ ስለዚህ በሽታው እርሷ ነበረች። ቡዳ የበላው ሰው ቡዳው ከቤት ሲባረር ዓይኑን ይገልጣል የሚሉ አሮጊቶች ይህን ምሁራዊ ድጋፍ ቢሰሙ ምንኛ በኮሩ! ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚቴ ደግሞ የአያቶቻችንን ሌባሻይ መልሶ አመጣልን፤ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የሚሄደው ሌባ ፈላጊ ሁልጊዜ ጌታው አስቀድሞ በዓይኑ ከጠቆመው በር ላይ እንደሚወድቅ እኛ ሽማግሌዎች እናውቃለን። የተወደቀበትም በር ወንድም በጅቡቲ ወደብ ያለባት ልጅ በር ሆነ። ወንድሟ ሰማታር በጅቡቲ ጆንያ መሸከሙ በድሬ ዳዋ ካለ ማሽን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ኮሚቴው ደጋግሞ ጠይቋታል፤ እርሷም ወንድሟ እንኳን የማሽን እምብርት ሊነካ የራሱንም ደብዳቤ የሚያጽፈው በሰው እጅ መሆኑን ተናግራለች። አንድ ሁለቱ ስቀዋል አሉ። የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ ሳቁን አልመዘገበውም።

ማሽኑን ወዲያው አለማስነሣቷ፣ ማለትም ቴፑን በመገልበጥ ያሳለፈችው ጊዜ፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ አሻጥር ዋና ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። ማስረጃውን ያዳነችበት እጅ ማስረጃ ሆነባት።

3ኛ/ ቴፑን በዲበገሩ ከፈትኩት። ሟቹ አልዋሸም። እምብርቱ የሞተው ቀን በሚቆጥርበት የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ክፍል ያሰናዱት እርስዎ ነዎት፤ በሰባ ሰባት ዓ.ም. ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ ማሽኑ በፈረንጅ ቀን ሰላም ከሚላቸው በእኛው አቆጣጠር ቢል ያምራል ብለው አሰናዱት፤ በእውነትም አማረ። በሠንጠረዡም ለአሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ለጳጉሜ ደግሞ አምስት ቀን ሰጡ።

የተከበሩ ጓድ፣ ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። ይህን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ መማር እንኳ አያስፈልግም፤ የጎረቤት ባልቴት መጠየቅ ይበቃል። እምብርቱ ስድስተኛውን ቀን በሠንጠረዥዎ ውስጥ ቢፈልግ አጣው፤ ከሠንጠረዡ አልፎ ወደሚቀጥለው ቦታ ገባ፤ በዚያ ያገኘውን ባዕድ ቁጥር እንደ አድራሻ ቆጥሮ ሄደ፤ የሄደበት ቦታ ምንም አልነበረበትምና ወደቀ። በማግሥቱ መስከረም አንድ ባተ፤ ችግሩም ከቀኑ ጋር አለፈ። መድና ገባች ወጣች ለእምብርቱ ምኑም አልነበረም። ደቻቱ ብዙ ወራት ደረቅ ስለሆነ ወንዝነቱ የቀረ መስሎት አሸዋው ላይ ቤት የሠራ ሰው፣ ጎርፍ በመጣ ቀን በዚያ በኩል ስታልፍ የነበረችውን ልጅ መክሰሱን ከዚህ በፊት አልሰማሁም።

4ኛ/ ይህን ሁሉ በቅድሚያ ለሕዝብ አልተናገርኩም። ዲበገሩ ያገኘውን በወረቀት አትሜ፣ ቢሮዎ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለብቻዎ አሳየሁዎት። የራስዎን ሥራ በወረቀቱ ላይ ሲያውቁት ፊትዎን አይቻለሁ፤ ሰው የገዛ እጅ ጽሕፈቱን ሲያይ የሚመስለውን መሰሉ። ማንም ይሳሳታል አልኩዎት፤ የኔታ ራሳቸው አንድ ጊዜ በዓለ ሃምሳን አሳስተው ቆጥረው በጉባኤ ፊት እንዳረሙ ነገርኩዎት። እርስዎም ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት፤ ለኮሚቴው ራሴ አስረዳለሁ አሉኝ። ጋሼ ስላሉኝ አመንኩ። ሽማግሌን የሚጥለው ይህ ነው።

በኮሚቴው ፊት ግን ዳምፑ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር እንደሆነ፣ ዲበገሩም የሽማግሌ መጫወቻ እንደሆነ አስረዱ። ለዚህ ግልጽነትዎ የማቀርበው አንድ ትሑት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዲበገሩ መጫወቻ ከሆነ በደረትዎ ላይ ያለው ሜዳሊያ የተሰጠዎት በምን ጨዋታ አሸንፈው ይሆን?

5ኛ/ ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። በሰባ ዓ.ም. የቀበሌው ሰዎች አንድ ወጣት ካርድ በሺ ይዘው በሄዱ ጊዜ፣ ሌላው ሰው ሁሉ መንገድ ሲቀይር፣ እኔ ጫማዬን አጥልቄ ሄጄ ዋስ ሆንኩ። ማስረጃ አልጠየቅሁም፤ ልጁ የእኔ ነው፣ ያጠፋው ካለ እኔን ውሰዱ አልኩና ፈረምኩ። ያ ወጣት ያን ጊዜ ገብሬ ይባል ነበር፤ እኔም አንተ እለው ነበር። ዛሬ እርስዎ የምለው ስላደገ ብቻ አይደለም፤ ስለማላውቀው ነው።

ለመድና ዋስ እንዲሆኑ አልጠየቅኩዎትም። እውነቱን እንዳይደብቁ ብቻ ነበር የጠየቅኩዎት።

ኮሚቴው የፊታችን ዓርብ ይሰበሰባል። ከፈረመ የልጅቱ ጉዳይ ከአጥራችን ውጭ ወዳለው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፤ ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጮክ ብለን አንጠራውም። እናቷ ወይዘሮ ካልቱን ትናንት ቤቴ መጥታ፣ ያ ማሽን አፍ ካለው ለምን አይናገርላትም ብላ ጠየቀችኝ፤ ተናግሯል፣ ጆሮ የጠፋው ከሰዎቹ ነው አልኳት። የበራችን ጠባቂ ዒሴም በዚህ ፋብሪካ ማሽን ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጠው የሰው ቤት ነው ብሏል፤ በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ቃለ ጉባኤዎች ሁሉ የእርሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበልጣል።

ስለዚህ በፍጹም ትሕትና የምለምነው ይህን ነው። ዓርብ ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ሁላችንም በማሽኑ ክፍል እንሰብሰብ። መድና ከአጥሩ ውጭ ትቁም። የማሽኑ ቀን ወደ ጳጉሜ ስድስት ይመለስ። ከዚያም እርስዎ፣ በገዛ እጅዎ፣ ያስነሡት። ከተነሣ እኔን በአሻጥረኛነት ይክሰሱኝ፤ ራሴ እፈርማለሁ። ከወደቀ ደግሞ አሻጥረኛ ፍለጋ ርቀው አይሂዱ፤ ሳይንሳዊው ዘዴዎ ማሽኑ ሲወድቅ አጠገቡ የቆመውን መያዝ ነውና።

አደባባይ ላይ የቆመ ባለ ሜዳሊያ ጥላው እንደሚረዝም ሁሉ ዕድሜዎም እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ስላስተማሩኝም ትምህርት፣ ይኸውም ሰው ማስተማርና ሰው ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ስላሳዩኝ እያመሰገንኩ፣ አክባሪዎና የቀድሞ ዋስዎ እሆናለሁ፤

ሀብተ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬ ከሰሌዳው ቢነሣ አልቀየምም፤ የማሽኑን ሠንጠረዥ ግን ማረም አይርሱ፤ ቀጣዩ ጳጉሜ ስድስት በ1983 ዓ.ም. መጨረሻ ይመጣል። ያን ቀን በወንበርዎ ላይ ማን እንደሚቀመጥ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ማሽኑ ግን ማንም ቢቀመጥ ይወድቃል።

ኮንትራቴን ዛሬ መልሻለሁ። ቴፖቹና የክፍሉ ቁልፍ የመንግሥት ናቸው፤ በሣጥናቸው አሉ። የእኔ የሆነውንና የማወርሰውን ሰው ሁሉ ይስማ፤ ዲበገሩ እንዴት እንደተሠራ፣ ዳምፕ እንዴት እንደሚነበብ፣ ከየኔታ የተማርኩት ባሕረ ሐሳብ ከነቁጥሩ፣ ለቀዝቃዛው ክፍልም ሁለተኛው ጋቢዬ የመድና አብዲቃድር ነው። ማስተማሩን ከታገደች ጀምሮ ይዤዋለሁ፤ ከዓርብ በኋላ ቤቷ ካለች በቤቷ፣ ሌላ ቦታ ካለች ስንቅ በሚቀበሉበት በር ላይ እቀጥላለሁ።