ለወለተ ሥላሴ ያልተፈረመው ወረቀት

ወለተ ሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ታምራት ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጌጤ ዘነበ ጥር 7 ቀን 1992 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። ዕለቱ ሥላሴ ስለነበር ትልቅ ድግስ ተደግሷል። ታናሽ እህታቸው ዮሐና ከስምንት ዓመት በኋላ ስትወለድ የተደገሰ ነገር የለም።

አባታቸው ሲያርፉ እናታቸው ሁለቱን ይዘው ኦማን፣ ሙስካት ገቡ። ወለተ ሥላሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ ተምረዋል። ዮሐና አምስተኛን አልጨረሰችም፤ ሌላ ሰው ሳያነሳው እዚሁ ተነስቷል።

በ2010 ዓ.ም. ሐኪም ኦቲዝም እንዳለባቸው በወረቀት ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የትም ቢሄዱ ሰው የሚያናግረው እናታቸውን ሆነ። መንጃ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ማፊ፣ የለም። የባንክ ደብተር ሲጠይቁ፣ «አሳዳጊ ትፈርም» ተባሉ። እዚያው ሙስካት፣ ሲብ ውስጥ ላውንደሪ ሲቀጠሩ እንኳ ውሉን የፈረሙት እናታቸው ናቸው። የሸሚዝ ኮሌታ ግን እንደ እርሳቸው አድርጎ የሚተኩስ አልነበረም።

የላውንደሪው ሾፌር አቶ ባንቲሁን ወደዷቸው። ብርሃን ስለሚያስቸግራቸውም ጥቁር መነጽር ገዙላቸው። ዮሐና ተደብቃ ለክታዋለች፤ እሷ ላይ ይበልጥ ያምር ነበር። ለእሷ ግን የገዛላት የለም።

በ2016 ዓ.ም. ሊጋቡ ወደ ጋብቻ መዝጋቢ ሄዱ። አቶ ባንቲሁን በገዛ እጃቸው ፈረሙ። ለወለተ ሥላሴ ግን አሁንም «አሳዳጊ ትፈርም» ተባለ። እናታቸው ፈርተው ዮሐናን ጠየቁ።

«አብረሻት የምትተኚው አንቺ ነሽ። ትዳር ይገባታል?»

«ኧረ ምን ይገባታል!» አለች ዮሐና።

ወለተ ሥላሴ ልብስ ማጣጠፋቸውን ሳያቋርጡ፣ «ይገባኛል። አንቺ ቀንተሽ ነው» አሉ።

ውሸት አያውቁም ነበር። ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። አቶ ባንቲሁን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን ከእርሳቸው ጋር በሉ።

ወለተ ሥላሴ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ25 ዓመታቸው ዐረፉ። ሆስፒታል የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ስለነበር አቶ ባንቲሁን ዘጠኝ ቀን በር ላይ ቆሙ። ዮሐና ገባች።

ከኋላቸው እናታቸውን ወ/ሮ ጌጤን፣ ባለቤታቸውን አቶ ባንቲሁንንና እህታቸውን ዮሐናን ትተዋል።

እማዬ «ባለቤታቸው ተብሎ አይጻፍም፣ ወረቀት የላቸውም» ብላ ነበር። ይኸው ወረቀት። የጻፍኩት እኔ ዮሐና ነኝ፤ የማንም ፊርማ አላስፈለገኝም። እትዬ ልክ ነበረች፤ ቀንቼ ነው።

የእትዬን ነፍስ ሥላሴ ማንም ሳይፈርምላት ይቀበሏት። አሜን።