አራት ብለህ የሞላኸው

መርሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም

ለልጅ ልጄ ለዓሪፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ባለህበት አላህ ይጠብቅህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር የሚከዳኝ የለም፤ እሱም መስጊድ ስሄድ እንጂ ገበያ ስሄድ አያመኝም።

በስልክ መላክ እየተቻለ ምን ወረቀት አስያዘው ትል ይሆናል። ስልኬን እየከፈተች የምታነብልኝ ሚስትህ ሀጂራ ናት። ይህን ደግሞ እንድታነበው አልፈለግኩም። የጎረቤታችን ልጅ ሂሻም ወደ አሜሪካ ስለሚመጣ በእጁ ሰድጄዋለሁ።

ነገሩ እሷን ለመውሰድ ስለምትሞላው የዋስትና ቅጽ ነው። "ገቢዬ አልሞላም" ስትላት ይኸው ሦስት ዓመት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማስረጃ ይሁንሽ ብለህ የቅጹን ፎቶ ላክህላት፤ ደመወዝህን በቀይ ከብበህ። እሷም ቀዩን ብቻ አየችና "አባባ፣ ምን ያድርግ? እየለፋ እኮ ነው" ብላ ላንተው ጠበቃ ቆመች።

እኔን ግን ታውቀኛለህ። ሰው አንዱን ነገር ከብቦ ሲያሳየኝ ዓይኔ የሚሄደው ወዳልተከበበው ነው። "የእጅ ጽሑፉ ናፍቆኛልና ፕሪንት አስደርጊልኝ" ብዬ ተቀበልኳትና ወልዲያ ሄጄ ቅጽ ለሚሞላው ለአሚር አሳየሁት።

"አባ ጀብሪል፣ ደመወዙማ ለባልና ሚስት ይተርፋል። ያነሰው ለአራት ሰው ነው" አለኝ።

"የምን አራት?"

"የቤተሰብ ብዛት ላይ ራሱ የሞላው ነዋ! ሰው በጨመረ ቁጥር የሚጠየቀው ገቢም ይጨምራል።"

በጣቴ ቆጠርኩ። አንተ አንድ። ሀጂራ ሁለት። ጣቴ እዚያ ቆመ። "ወላጆቼ ናቸው" እንዳትል፣ ሁለቱንም በእጄ ነው የቀበርኳቸው። ሁለቱን በሬዎቼን አስመዝግበህልኝ ከሆነም ቶሎ ንገረኝ፣ ፓስፖርት ላውጣላቸው።

አሚር ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ግን ሳቄ አልተከተለኝም።

ዓሪፍ፣ አንተ ለሀጂራ ዋስ የምትሆነው በወረቀት ነው። እኔ ግን ግራና ከተማ፣ አባቷ ደጅ ሽማግሌ ይዤ ተቀምጬ "በእኔ ይሁንባችሁ" ብዬ ዋስ የሆንኩህ በአንደበቴ ነው። ልጅቱ ደሴ ያገኘችውን ሥራ እንኳ "ዛሬ ነገ እሄዳለሁ" ብላ ተወችው።

እስካሁን አልነገርኳትም። ትናንት "ወልዲያ ምን ሊሠሩ ሄደው ነበር?" ብትለኝ "ሚስት ላጭ" አልኳት። ስቃ አለፈችው።

የምልህ ይህ ነው። ቁጥሩ ስህተት ከሆነ ሁለት ብለህ አስተካክለውና ውሰዳት። ስህተት ካልሆነ ግን ረመዳን ሳይገባ ራስህ ደውለህ እውነቱን ንገራት፤ ኒካሑንም ፍታላት፤ መንገዷን ትያዝ። አንተ ዝም ካልክ እኔው ግራና ሄጄ አባቷ ፊት ዋስትናዬን አነሳለሁ። ዘንድሮ ጉልበቴን አመመኝ አልልም።

አላህ ልብህን ያቅናው፤ ሪዝቅህንም ያስፋልህ፣ ለስንትም ሰው ይሁን።

ሕፃናት ካሉ ደግሞ ስማቸውን ጻፍልኝ። ዱዓ የማደርገው በስም እየጠራሁ ነው።

አያትህ ጀብሪል